ተራራው አልበቀለም፤ ተረፈ

ድሬስደን የሚኖር የቆየ ወዳጄ በቅርቡ አንድ ፎቶግራፍ ላከልኝ። ከጉሙ መካከል እንደ ጣት ቀጥ ብለው የቆሙ ግራጫ ዓለቶች፣ በየጫፋቸው የተንጋደደ ጥድ፣ ከታች ደግሞ እንደ መቀነት የተጠማዘዘ ወንዝ ይታያል። ከሥሩ «እነዚህን ከመሬት ሆድ ፈንቅሎ ያወጣቸው ምን ዓይነት ጉልበት ይሆን?» ብሎ ጽፎበታል። ቦታው ከድሬስደን በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ጀርመንና ቼክ ሪፐብሊክ በሚዋሰኑበት ስፍራ የሚገኘው የኤልበ የአሸዋ ድንጋይ ተራሮች ነው። በጀርመን በኩል ያለው ክፍል ሳክሰን ስዊዘርላንድ፣ በቼክ በኩል ያለው ቦሄሚያ ስዊዘርላንድ ይባላል። ጥያቄው የወዳጄ ብቻ አይደለም። ስለዚህ አካባቢ ሲወራ ደጋግሜ የምሰማው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ተራሮቹ ከምድር ተፈንቅለው ወጡ የሚለው፣ ሁለተኛው ስለወጡም በሁለቱ አገሮች መካከል የተፈጥሮ ድንበር ሆኑ የሚለው ነው። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። እነዚህ ተራሮች የበቀሉ ሳይሆኑ የተረፉ ናቸው። በዙሪያቸው የነበረው ምድር ታጥቦ ሄደ፤ እነሱ ባሉበት ቆመው ቀሩ። ይህ የቃላት ልዩነት ብቻ አይደለም። ዓለቱን እንዴት እንደምንረግጠው፣ ደኑን እንዴት እንደምንጠብቀው፣ ድንበሩንም ምን ብለን እንደምንጠራው የሚወስን ነገር ነው።

ለስሕተቱ መነሻ የሆነው፣ በከፊልም ቢሆን፣ ስሙ ራሱ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን አድሪያን ዚንግና አንቶን ግራፍ የሚባሉ ሁለት ስዊዘርላንዳውያን ሠዓልያን በድሬስደን የሥነ ጥበብ አካዳሚ ለማስተማር መጥተው ነበር። እየወጡ ሲሥሉ አካባቢው የትውልድ አገራቸውን አስታወሳቸው፤ ስያሜው የመጣው ከእነሱ ነው ይባላል። ናፍቆታቸው የሚገባ ነው፤ ንጽጽሩ ግን ያሳስታል። የስዊዘርላንድ አልፕስ የምድር ቅርፊት ከሁለት ወገን ተገፍቶ፣ እንደ ጨርቅ ተጣጥፎና ተደራርቦ ወደ ላይ የወጣ ነው። የኤልበ ዓለቶች ንብርብር ግን ዛሬም እንደ ተከመረ እንጀራ አንዱ በሌላው ላይ እንደተጋደመ ነው። በዓለቱ ጎን ያሉትን አግድም መስመሮች ያየ ሰው እጥፋት አያገኝም።

ባሕሩ፣ አሸዋውና ሰሌዳው

ከ100 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በዚህ ስፍራ ተራራ ቀርቶ ደረቅ ምድርም አልነበረም፤ ጥልቀት የሌለው ባሕር ተኝቶበት ነበር። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ከነበረ ደሴት የሚወርዱ ወንዞች አሸዋ እየጠረጉ ወደዚህ ባሕር ያስገቡ ነበር። ሥራው ወደ 10 ሚሊዮን ዓመታት ያህል ቀጠለ። አሸዋው ንብርብር በንብርብር ላይ እየተጋደመ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 600 ሜትር ወፈረ። የራሱ ክብደት አጠበቀው፤ በመካከሉ የሚሰርገው ውሃ ይዞት የመጣው ማዕድንም ቅንጣቶቹን እርስ በርስ አጣበቃቸው። ባሕሩ ሲሸሽ የቀረው አንድ ሰፊ፣ ወፍራም፣ ጠፍጣፋ የድንጋይ ሰሌዳ ነበር። ዛሬ 700 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍነው የተራሮች አገር የዚያ ሰሌዳ ቁርጥራጭ ነው።

ሰሌዳውን የቆራረጠው ውሃ ነው፤ ውሃው ግን እንዳሻው አልሄደም። የአሸዋው ድንጋይ ከላይ እስከ ታች በቀጥታ በሚወርዱ ስንጥቆች የተከፋፈለ ነው። ስንጥቆቹ እርስ በርስ በማዕዘን ስለሚገናኙና አግድም ያለውን ንብርብር ስለሚያቋርጡ ድንጋዩ እንደ ትልልቅ ጡብ ተቆርጦ የተቀመጠ ይመስላል። ጀርመኖች ይህን ቅርጽ ኳደር ይሉታል። ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፣ በክረምት በረዶ ሆኖ ያሰፋዋል፣ ጅረት ይከተለዋል። ስንጥቁ ጠባብ መተላለፊያ፣ መተላለፊያው ገደል፣ ገደሉ ሸለቆ ይሆናል። በሁለት ሸለቆዎች መካከል የቀረው ደግሞ ግድግዳ፣ ከዚያ ዓምድ፣ በመጨረሻም ብቻውን የቆመ መርፌ ይሆናል። ወዳጄ ያየው «ጣት» ይኸው ነው። ከመሬት የወጣ ሳይሆን ወንድሞቹ የወደቁበት ነው።

ማስረጃ ለሚፈልግ ሰው ምድሩ ራሱ ሦስት ፎቅ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከታች የኤልበ ሸለቆ አለ፤ ወንዙ ከቼክ በሚወጣበት በህርዠንስኮ መንደር ከባሕር ወለል በላይ 115 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም የቼክ ሪፐብሊክ ዝቅተኛው ስፍራ ነው። ከላይ ጠፍጣፋ አናት ያላቸው ዓለቶች አሉ። ሊሊየንሽታይን 415 ሜትር፣ ፕፋፈንሽታይን 435 ሜትር፣ ጎህሪሽ 448 ሜትር። ቁጥሮቹ የሚቀራረቡት በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁሉም የአንዱ ሰሌዳ ቅሪት ስለሆኑ ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ገበሬዎች የሚያርሱት፣ መንደሮች የሰፈሩበት ሜዳማ እርከን አለ። የእኔን ሐሳብ የሚያጸናው ከሁሉ ይበልጥ ይህ መካከለኛ ፎቅ ነው። በዚህ እርከን ላይ፣ ዛሬ ወንዙ ከሚፈስበት እጅግ ከፍ ባለ ስፍራ፣ የጥንቱ ኤልበ ያንከባለለው ጠጠር ይገኛል። ወንዙ አንድ ጊዜ እዚያ ላይ ይፈስ ነበር ማለት ነው። ጠጠሩን ትቶት የወረደው ወንዙ ነው።

ይህን ለመረዳት የአማርኛ አንባቢ ከጀርመኑ ይልቅ የተመቸ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቋንቋችን ተራራን ከአምባ ይለያልና። አምባ ስንል ጎኑ ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነውን እንጂ ማንኛውንም ከፍታ አንልም። በትግራይ የገርዓልታ ዓለቶች፣ አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉባቸው፣ የአሸዋ ድንጋይ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከኤልበው ይበልጣል፤ የተቀረጹበት መንገድ ግን ተመሳሳይ ነው። ለኤርትራ ድንበር የቀረበው ደብረ ዳሞም እንዲሁ የአሸዋ ድንጋይ አምባ ነው። የኤልበ አካባቢ ነዋሪዎችም ሳያውቁት ተመሳሳይ ልዩነት በስም አኑረዋል። ጠፍጣፋ አናት ያላቸውን የአሸዋ ድንጋይ ዓለቶች ብዙውን ጊዜ «ሽታይን»፣ ማለትም ድንጋይ፣ ይሏቸዋል፤ ኮይኒግሽታይን፣ ሊሊየንሽታይን፣ ፕፋፈንሽታይን። «ቤርግ»፣ ማለትም ተራራ፣ የሚለውን ስም ደግሞ ባዛልት ሰብሮት ለወጣው ለግሮሰር ቪንተርቤርግ ሰጥተውታል። ሁልጊዜ አይሠራም፤ በቼክ በኩል ያለውና ከሁሉ ከፍ የሚለው፣ 723 ሜትር የሆነው ዴቺንስኪ ስኔዥኒክ፣ አምባ ሆኖ ሳለ ጀርመኖች ሽኔቤርግ ይሉታል። ቢሆንም አዝማሚያው ግልጽ ነው።

«ታዲያ ማን ከፍ አደረገው?»

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ላልፈው አልፈልግም። «የባሕር ወለል ላይ የተጋደመ አሸዋ 700 ሜትር ላይ የተገኘው እንዴት ነው? ምድሩ ካልተነሣ ወንዙስ ምን ቆረጠ?» ይላሉ። ትክክል ናቸው። ምድሩ ተነሥቷል። በሰሜን በኩል የላውዚትዝ ስብራት የሚባለው ታላቅ መሰንጠቅ አለ። በሆንሽታይን አቅራቢያ ከ500 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ዕድሜ ያለው ግራናይት ከ90 ሚሊዮን ዓመቱ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ተገፍቶ ወጥቶ ይታያል። አያት በልጅ ልጁ ትከሻ ላይ እንደተቀመጠ ማለት ነው። የ19ኛው መቶ ዘመን የከርሰ ምድር ሊቃውንት ይህን ሲያዩ ግራ ተጋብተው ብዙ ተከራክረዋል። በምዕራብ በኩልም የኤርትዝጌቢርገ ተራሮች ሲነሡ የአሸዋውን ሰሌዳ ጠርዝ ይዘውት ተነሥተዋል። ለዚህ ነው ሰሌዳው ወደ ሰሜን የሚያዘነብለው፣ ስኔዥኒክ በደቡብ ምዕራብ ከሁሉ ከፍ ያለው፣ የጀርመኑ ከፍተኛ ጫፍ የሆነው ግሮሰር ቺርንሽታይን (560 ሜትር) አናቱ በአንድ ወገን ዘንበል ያለው።

ባዛልቱም ሌላ ምስክር ይመስላል። የቀለጠ ድንጋይ ከታች ተነሥቶ የአሸዋውን ሰሌዳ ወግቶ ወጥቷል፤ በቼክ በኩል 619 ሜትር ከፍታ ያለውና ከሩቅ እንደ ሾጣጣ ቆብ የሚታየው ሩዦቭስኪ ቭርህ የዚህ ሥራ ነው። እርሱን ቢሆን ወዳጄ «ከመሬት ሆድ የወጣ» ቢለው አልከራከረውም ነበር። ነገር ግን ባዛልቱም ቢሆን ዛሬ የሚታየው በዙሪያው የነበረው ለስላሳ ድንጋይ ስለታጠበ ነው።

እነዚህን ሁሉ መዝኜ የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው፤ መነሣቱ ሰሌዳውን ሰጠን፣ ተራሮቹን ግን አልሰጠንም። የምድር ጉልበት ሰሌዳውን በሙሉ እንደ አንድ ጠረጴዛ ወደ ላይ አንሥቷል፤ ሊሊየንሽታይንን ለብቻው፣ ኮይኒግሽታይንን ለብቻው አላነሣም። ወንዙ ባይኖር ኖሮ ዛሬ በዚያ ስፍራ የምናየው ዘንበል ያለ፣ ሰፊ፣ ማንም ፎቶግራፍ የማያነሣው ሜዳ ነበር። አንዳንዶች ደግሞ የቀረጸው የበረዶ ዘመን ግግር ነው ይላሉ፤ ይህኛው በቀላሉ ይወድቃል። ከስካንዲኔቪያ የወረደው ግግር በረዶ እስከ ባድ ሻንዳው አካባቢ ደርሶ ቆሟል፤ ይዞት የመጣው የባልጩት ድንጋይ የመጨረሻ መስመሩን ያሳያል። የተራሮቹን መሐል አልረገጠም።

ሸክም የያዘው ይጸናል

ውሃ ሁሉንም የሚያጥብ ከሆነ ለምን ሁሉንም አላጠበም? ለእኔ ከጠቅላላው ጉዳይ ይህን ያህል የሚያስደንቅ ክፍል የለም። ለብዙ ዘመን የነበረው መልስ «የቀረው የጠነከረው ነው» የሚል ነበር። በከፊል እውነት ነው፤ በብረትና በሲሊካ ይበልጥ የተጣበቁ ንብርብሮች ቆብ ሆነው ከሥራቸው ያለውን ይከላከላሉ። ነገር ግን እጅግ ተመሳሳይ በሆነ ድንጋይ ውስጥም ቅስትና ዓምድ ይቀረጻል። በ2014 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፕራግ የቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ይርዢ ብሩትሃንስና ባልደረቦቹ ኔቸር ጂኦሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ለዚህ ጥያቄ አዲስ መልስ ሰጠ። ከኤልበ ተራሮች ሳይሆን እዚያው ቦሄሚያ ውስጥ ካለው የስትርዠሌች ካባ ደካማ የአሸዋ ድንጋይ ወሰዱ። ከላይ ሸክም ጭነው በውሃ ሲነክሩት ሸክም የማያርፍበት ክፍል ይረግፋል። ቁመናው እየቀጠነ ሲሄድ በቀረው ክፍል ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ ቅንጣቶቹም ይበልጥ ይቆላለፋሉ። በመጨረሻ መርገፉ ይቆማል፤ ዓምድ ወይም ቅስት ሆኖ ይቀራል። ሸክሙን ሲያነሡለት ያው ድንጋይ በውሃው ውስጥ ይፈርሳል።

ይህ ጥናት የኤልበን ምሥጢር በሙሉ አይፈታም፤ የኤልበ ድንጋይ ይበልጥ የተጣበቀ ነው፣ ስንጥቆቹም ትልቁን ድርሻ ይዘዋል። ነገር ግን በህርዠንስኮ አጠገብ ያለውን ፕራቭችትስካ ብራና የተባለውን ቅስት ለሚያይ ሰው ዓይን ይከፍታል። በአውሮፓ ከተፈጥሮ የአሸዋ ድንጋይ ቅስቶች ትልቁ ነው፤ ከሥሩ ያለው ስፋት 26.5 ሜትር፣ የክፍተቱ ቁመት 16 ሜትር ነው። ማንም ያልገነባው፣ ከግድግዳ መሐል ሸክም የማይይዘው ረግፎ ሸክም የያዘው ብቻ የቀረበት ነው። በላዩ መሄድ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ተከልክሏል፤ የጎብኚ እግር ከዝናብ ይበልጥ ይፈጨው ነበርና።

የተረፈ ነገር መሆኑን በሚገባ ያወቁት የአካባቢው ዓለት ወጪዎች ናቸው። በሳክሰን ስዊዘርላንድ ከ1,100 በላይ ነጻ የቆሙ ዓለቶች ለመውጣት የተፈቀዱ ናቸው፤ ደንቡ ግን ለሌላ አገር ዓለት ወጪ ጥብቅ ይመስላል። በስንጥቅ ውስጥ የሚሰካ የብረት መያዣ አይፈቀድም፤ የሚፈቀደው የተቋጠረ ገመድ ነው። ለእጅ የሚነሰነስ ነጭ ዱቄትም ክልክል ነው። ድንጋዩ ርጥብ ሲሆን መውጣት አይፈቀድም፤ የአሸዋ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ጥንካሬው በእጅጉ ይቀንሳልና። የዚህ ደንብ መነሻው የዓለቱ ባሕርይ መሆኑን ልብ ይሏል። በፕፋፈንሽታይን ያለችው፣ ባርባሪነ የምትባለው 43 ሜትር ገደማ የምትረዝም መርፌ ደግሞ ከ1975 ጀምሮ ጭራሽ አትወጣም። ከኤልበ ወደ 194 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኘው የባስታይ መመልከቻም የፊት ጫፉ ከ2016 ጀምሮ ተዘግቶ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ እየተፈረፈረ ስለነበር ነው። በ2023 የተከፈተው አዲሱ መመልከቻ በዚያ ጫፍ ላይ ሳይደገፍ በአየር ላይ የተዘረጋ ነው። መሐንዲሶቹ የጎብኚውን ክብደት ከላዩ አነሡለት። ትክክለኛ ውሳኔ ነው እላለሁ።

ሰውም ለዘመናት ከወንዙ ጋር አብሮ ሲጠርግ እንደኖረ መዘንጋት የለበትም። የድሬስደን ፍራውንኪርሸና የትዝቪንገር ቤተ መንግሥት ከዚሁ አካባቢ ካባዎች በወጣ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ድንጋዩ የወረደው በኤልበ ላይ በጀልባ ነው።

ከታች ደጋ፣ ከላይ ቆላ

በእኛ አገር ሽቅብ ስንወጣ ከቆላ ወደ ወይና ደጋ፣ ከዚያም ወደ ደጋ እንደርሳለን፤ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። በኤልበ ገደሎች ይህ ሥርዓት ይገለበጣል። በጠባቡ ሸለቆ ግርጌ ፀሐይ የሚገባው ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወርዶ ይተኛል፤ ጀርመኖች ይህን «የምድር ቤት አየር ጠባይ» ይሉታል። ስለዚህ በከፍተኛ ተራራ ሊበቅሉ የሚገባቸው ዕፀዋት ከ200 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ከታች ይገኛሉ። በአንድ ቅርንጫፍ ሁለት ቢጫ አበባ የምታወጣው የአልፕስ ቫዮሌት እዚያ አለች፤ ከበረዶው ዘመን የቀረች ናት። እርሷም የተረፈች ናት። ዓለቱ ጫፍ ላይ ሲወጣ ግን አሸዋው ውሃ ስለማይዝ ደረቅ ነው፤ ከጥድ በቀር የሚቋቋመው ጥቂት ነው። በባዛልት ኮረብቶች ላይ ደግሞ አፈሩ ለም ስለሆነ ቢች የተባለው ሰፊ ቅጠል ያለው ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። የድንጋዩን ዓይነት ያላየ ሰው የዛፉን ዓይነት በማየት ብቻ ከሥሩ ምን እንዳለ ሊናገር ይችላል።

የአናቱ ድርቀት ሰዎችንም አስቸግሯል። በኮይኒግሽታይን አምባ ላይ ያለው ምሽግ 9.5 ሄክታር ስፋት ያለው ሲሆን ውሃ ለማግኘት በ16ኛው መቶ ዘመን ድንጋዩን ሰርስረው 152.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረዋል። የደብረ ዳሞ መነኮሳት ተመሳሳይ ችግር ሲገጥማቸው መፍትሔያቸው ሌላ ሆነ፤ የዝናቡን ውሃ በዓለቱ ላይ በተፈለፈሉ ገንዳዎች ያዙት። ሁለቱም የተረፈ አምባ ላይ የሰፈረ ሰው ከውሃው ተለይቶ እንደቀረ ያሳያሉ፤ ውሃው የሚገኘው ምድሩ በሄደበት በኩል ነውና።

ድንበሩና እሳቱ

«ተራራ የተፈጥሮ ድንበር ነው» የሚለው አባባል በብዙ አገር ይሠራ ይሆናል። እዚህ አይሠራም። ኤልበ የተራሮቹን አገር መሐል ለመሐል ቆርጦ ከቦሄሚያ ወደ ሳክሶኒ ያልፋል፤ ጀልባም፣ ባቡርም፣ ጦርም፣ ነጋዴም የሄደው በዚያው ነው። ተራሮቹ የሚለያዩበት ሳይሆን ሁለቱ አገሮች የሚገናኙበት በር ነው የነበረው። ድንበሩን ያሰመረው ስምምነት ነው። በ1459 በኤገር ከተማ የቦሄሚያው ንጉሥ ይርዢ ዘ ፖዴብራድና የሳክሶኒ መሳፍንት የተስማሙበት መስመር በመጠነኛ ለውጥ ዛሬም ያው ነው፤ በአውሮፓ ረጅም ዕድሜ ካላቸው ድንበሮች አንዱ ነው። ወንዙ ራሱ በህርዠንስኮ አጠገብ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ድንበር ይሆናል፤ በቀኝ ዳር ቼክ፣ በግራ ዳር ጀርመን። «ያ ድንበር ይህን ያህል የቆየው ተፈጥሮ ስለደገፈው ነው» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ በሁለቱም ወገን ያለው አንድ ድንጋይ፣ አንድ ገደል፣ አንድ ደን ነው። ድንበሩ የጸናው ሰዎች ስላከበሩት ነው፤ ምስጋናውም ለእነሱ ይገባል።

ጥበቃውም ሁለት ሆኖ መጣ። የሳክሰን ስዊዘርላንድ ብሔራዊ ፓርክ በ1990፣ የቦሄሚያው በ2000 ተመሠረቱ። በ1990ዎቹ በሳክሶኒ ጅረቶች፣ ቀጥሎም በቼኩ ካሜኒትሰ ወንዝ የተለቀቁት የሳልሞን ጫጩቶች ወደ ሰሜን ባሕር ሄደው ሲመለሱ ፓስፖርት አልተጠየቁም። ጥሩው ዜና ይህ ነው። መጥፎው በ2022 ክረምታችን፣ በእነሱ በጋ፣ መጣ። በጁላይ መጨረሻ በህርዠንስኮ አካባቢ የተነሣው ቃጠሎ ወደ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ፤ በቼክ በኩል ብቻ ከ1,000 ሄክታር በላይ ደን በላ፣ በመዝና መንደር ቤቶችን አቃጠለ፣ ድንበሩን ተሻግሮ ሳክሶኒ ገባ።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ብዙ ነዋሪዎች ጥፋቱን በፓርኩ ላይ ጣሉ፤ «ቅርፊት በል ጥንዚዛ ያደረቀውን ዛፍ ቆርጣችሁ ባወጣችሁት ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር» አሉ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ይህን ቢል አልፈርድበትም። በመንደርና በመንገድ ዳር ያለውን የደረቀ እንጨት ማንሣት ተገቢ ነበር፤ ወደ ፊትም ግዴታ መሆን አለበት። ነገር ግን የደረቀውን ዛፍ ማን ተከለው? የዚህ ምድር የቆየ ደን ቢችና ፈር የተባሉ ዛፎች ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን ለእንጨት ንግድ ሲባል ቆርጠው በቦታው ስፕሩስ የተባለውን ዛፍ ለብቻው ተከሉ። ስፕሩስ ቀዝቃዛና ርጥብ ስፍራ ይወዳል፤ በገደሉ ግርጌ ደስ ብሎት ይኖራል። እነሱ ግን ውሃ በማይዘው አሸዋ ላይ፣ በእርከኑና በአናቱ ሁሉ ተከሉት። ከ2018 ጀምሮ ተከታታይ ድርቅ ሲመጣ ዛፉ ሙጫ አጣ፤ ራሱን ከጥንዚዛው መከላከል አልቻለም። ፓርኩ ከተመሠረተ በኋላ የተደረገውን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው የዛሬ 150 ዓመቱን ችግኝ ይረሳል። ድንጋዩን ሳያዩ ዛፍ የመትከል ስሕተት ነው የተቃጠለው።

ከእሳቱ በኋላ ቁልቁለቱን በሙሉ አጽድተን እንትከል የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። በአሸዋ ድንጋይ ላይ ያለው አፈር ስስ ነው፤ በከባድ መኪና ከተረገጠና እንጨቱ ከተነሣለት የመጀመሪያው ዶፍ ዝናብ ጠርጎ ወደ ኤልበ ያወርደዋል። የወደቀው ግንድ ያን አፈር ይዞ የሚያቆይ እርከን ነው። በተቃጠለው ምድር ላይ በርችና ሌሎች ፈጥነው የሚበቅሉ ዛፎች ማንም ሳይተክላቸው ወጥተዋል፤ ጥላቸው ሥር ቢች እንዲመለስ ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል።

ድሬስደንና አካባቢው ያላችሁ አንባቢዎች፣ ከእናንተ ጋር ወዳጄም፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሾይና የሚሄደውን የከተማ ባቡር ይዛችሁ ራተን ላይ ውረዱ። ወንዙን በጀልባ ተሻግራችሁ ወደ ባስታይ በአውቶቡስ ሳይሆን በአምሰልግሩንድ በኩል በእግር ውጡ፤ በ1639 የመንደሩ ሰዎች ከስዊድን ጦር የተሸሸጉበትን ሽቬደንሎኸር የተባለውን ጠባብ ገደል ተከተሉ፤ ወደ 700 ደረጃ አለው። ሹራብ ያዙ፤ ከታች ይበርዳል። ግራና ቀኝ ያለውን ግድግዳ እዩ፤ በአንዱ ጎን ያለው ንብርብር በሌላው ጎን በትክክል ይቀጥላል። ዝናብ ከጣለ ግን ዓለቱ ላይ አትንጠላጠሉ፤ እስኪደርቅ ጠብቁት።